ጎረቤት የመኖሪያ ይዞታ ወሰን እንዲለወጥ ሲያመለክት ስለሚቀርብ ተቃውሞ

በከተማ የመኖሪያ ይዞታ ላይ የሚደረግ የወሰን ለውጥ ከአመልካቹ ግቢ አልፎ የአዋሳኙን መብት የሚነካበት ጊዜ አለ። ጎረቤት ይዞታውን ለሁለት ለመክፈል፣ በጎኑ ያለውን ቦታ ቤት ገዝቶ ከራሱ ጋር ለመቀላቀል፣ ወይም በካርታው ላይ ያለው መስመር ስሕተት ነው በማለት እንዲታረምለት ሊያመለክት ይችላል። አዋሳኙ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቀያሾች በሩ ላይ ሲደርሱ ወይም የአጥር መሠረት መቆፈር ሲጀመር ነው። ይህ ጽሑፍ አዋሳኝ ባለይዞታ ተቃውሞውን መቼ፣ ለየትኛው አካልና በምን ማስረጃ እንደሚያቀርብ፣ ተቃውሞውም ምን ሊያስገኝና ምን ሊያስገኝ እንደማይችል ያብራራል። የሚመለከተው የከተማ መኖሪያ ይዞታን ብቻ ነው። የገጠር መሬት የሚተዳደረው በተለየ ሕግና በተለየ ተቋም ነው።

ወሰን የሚባለው የትኛው መስመር ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ግለሰቡ ያለው መብት በቦታው የመጠቀም የይዞታ መብትና በቦታው ላይ ባፈራው ንብረት ላይ ያለው ባለቤትነት ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት ጎረቤቶች በመካከላቸው ያለውን ወሰን በቃል ስምምነት ወይም በመካከላቸው በተፈራረሙት ወረቀት ብቻ ሊያንቀሳቅሱት አይችሉም። ለውጡ ሕጋዊ የሚሆነው ሥልጣን ያለው የከተማ አስተዳደር አካል ሲፈቅደውና በመዝገብ ሲሰፍር ነው።

በተግባር ግን አንድ ይዞታ ሦስት መስመሮች ሊኖሩት ይችላሉ። አንደኛው በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ የተሣለው ነው። ሁለተኛው በመሬት ላይ የቆመው አጥር፣ ግንብ ወይም የዛፍ ረድፍ ነው። ሦስተኛው በካዳስተር ሥርዓት በኮኦርዲኔት የተመዘገበው ነው። ሦስቱ ከተስማሙ ክርክር አይነሣም። ነገር ግን ከቀድሞዎቹ ካርታዎች ብዙዎቹ በሜትር ተለክተው በእጅ የተሣሉ ናቸው። አጥርም ፈርሶ በታጠረ ቁጥር ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወዲያ ወይም ወዲህ ይላል። ስለዚህ መስመሮቹ መለያየታቸው የተለመደ ነገር ነው።

ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በ1 ለ 500 ስኬል በተሣለ ካርታ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር የሚታየው 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ነው። በመሬት ላይ ግን የጋራው ወሰን ርዝመት 20 ሜትር ከሆነ 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። 150 ካሬ ሜትር ይዞታ ላለው ሰው ይህ ከመቶ ስምንት እጅ ነው። በተለይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የመስመሩ የፊት ጫፍ ሳይነካ የኋላው ጫፍ ብቻ ሲገፋ ነው። ከመንገድ በኩል ሲታይ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ በዚሁ ምሳሌ ግን በጓሮ በኩል በሦስት ማዕዘን ቅርጽ 6 ካሬ ሜትር ተወስዷል።

ስለዚህ ተቃዋሚው «ወሰኔ ተነካ» ከማለቱ በፊት የተነካው የትኛው መስመር እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። አጥሩ ከካርታው መስመር ወደ ራሱ ግቢ ገብቶ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ሳያውቅ ወደ ጎረቤቱ ይዞታ ገብቶ የቆየም ሊሆን ይችላል። ተቃውሞ ልኬትን ያስከትላል፤ ልኬቱም የሚያርፈው በሁለቱም ግቢ ላይ ነው። በዚህ አጋጣሚ ከካርታው በላይ ትርፍ ቦታ መያዙ የሚታወቅ ተቃዋሚ ጉዳዩ በከተማው መመሪያ መሠረት በእርሱም ላይ እንደሚታይ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

ጎረቤት የሚጠይቀው የለውጥ ዓይነት

ይዞታን የመክፈል ጥያቄ በመሠረቱ በአመልካቹ ግቢ ውስጥ አዲስ መስመር ማስመር እንጂ የውጭውን ወሰን መንካት አይደለም። አዋሳኙ የሚነካው ለመክፈል በተደረገው ልኬት የውጭው መስመር እግረ መንገዱን «ሲስተካከል»፣ ወይም ከሚከፈሉት ቁራሾች አንዱ ወደ መንገድ መውጫ አጥቶ በአዋሳኙ ግቢ በኩል መተላለፊያ የሚፈልግ ሲሆን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሌሎች ይዞታዎች ለተከበበና ወደ መንገድ መውጫ ለሌለው ቦታ ካሣ እየተከፈለ መተላለፊያ እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ይፈቅዳል። ስለሆነም የኋላው ቁራሽ በየት በኩል እንደሚወጣ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ካልተመለከተ፣ ጥያቄው በኋላ ወደ ጎረቤት በር መምጣቱ አይቀርም። ይህን መጠየቅ የሚሻለው ክፍፍሉ ከመጽደቁ በፊት ነው።

ይዞታን የመቀላቀል ጥያቄም ሌሎች አዋሳኞችን አይነካም ተብሎ ይታሰባል። ሆኖም በሁለቱ ይዞታዎች መካከል ለውኃ መውረጃ ወይም ለእግረኛ መተላለፊያ የተተወ ቦታ ካለ፣ መቀላቀሉ ይህን ቦታ አብሮ እንዳይጠቀልል መመርመር ያስፈልጋል። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ከሊዝ ይዞታ ጋር እንዲቀላቀል ሲፈቀድ ጠቅላላው ይዞታ በሊዝ እንዲተዳደር ይደነግጋል። ይህ አመልካቹን እንጂ አዋሳኙን የሚመለከት አይደለም፤ የተቃውሞ ምክንያትም አይሆንም።

አዋሳኙን በቀጥታ የሚነካው የእርማት ጥያቄ ነው። አመልካቹ የካርታው መስመር በስሕተት የተሣለ ነው፣ ትክክለኛው መስመር ወደ ጎረቤት ግቢ ይገባል ይላል። እርማት የሚለው ቃል ቀላል የጽሕፈት ሥራ ያስመስለዋል። በተግባር ግን አንዱ ያገኘው ካሬ ሜትር ሌላው ያጣው ነው። በመሆኑም እንዲህ ያለ ጥያቄ አዋሳኙ ሳይጠራና ሳይሰማ ሊወሰን አይገባውም።

ከእነዚህ የተለየው ሁኔታ አካባቢው በሙሉ በይዞታ ማረጋገጥ ሥራ ውስጥ ሲሆን ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 መሠረት ይዞታዎች በሰፈር በሰፈር እየተለኩ የሚረጋገጡበትና እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ልዩ መለያ ኮድ አግኝቶ የሚመዘገብበት ሥርዓት ተዘርግቷል። በዚህ ሥራ ጎረቤት የተለየ ማመልከቻ ማቅረብ አያስፈልገውም፤ በልኬቱ ቀን መስመሩን ማሳየቱ ብቻ ይበቃል። የማረጋገጡ ውጤት ለሕዝብ ይፋ ሲደረግ ቅሬታ ማቅረቢያ ቀን በማስታወቂያው ላይ ይገለጻል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የተመዘገበውን መስመር ማስለወጥ በጊዜው ቅሬታ ከማቅረብ እጅግ የከበደ ነው።

ተቃውሞን የሚያጸና ምክንያት

ተቃውሞ የሚጸናው ለውጡ የተቃዋሚውን መብት ወይም የከተማውን ፕላንና ደንብ የሚነካ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከሁሉ በላይ ክብደት ያለው ምክንያት የተጠየቀው መስመር ወደ ተቃዋሚው ይዞታ መግባቱ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የጋራ መተላለፊያ፣ የዝናብና የፍሳሽ መውረጃ፣ የውኃ ወይም የመብራት መስመር የሚያልፍበት ቦታ መዘጋቱ ይመጣል።

የፕላን ጥያቄ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማ ቦታ አጠቃቀም በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን ይመራል። ከክፍፍሉ በኋላ የሚቀረው ቁራሽ ከተማው ለመኖሪያ ከወሰነው ዝቅተኛ ስፋት በታች የሚሆን ከሆነ፣ ወይም አዲሱ መስመር ነባሩን ቤት ከወሰን ሊኖረው ከሚገባው ርቀት የሚያሳጣው ከሆነ፣ አዋሳኙ ይህን በማመልከት ጥያቄው በፕላኑ መሠረት እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል። ዝቅተኛው ስፋት ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የከተማውን መመሪያ ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው ምክንያት ለማመልከቻው መሠረት የሆነው ሰነድ ጉድለት ነው። ጎረቤቱ «አዋሳኙ ተስማምቷል» በማለት ወረቀት ሊያቀርብ ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ መሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት መደረግ አለበት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ደግሞ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማስተላለፍ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ባል ብቻውን ወይም ሚስት ብቻዋን የፈረሙት፣ ወይም ውርስ ባልተጣራበት ቤት ከወራሾች አንዱ ብቻ የፈረመው የወሰን ስምምነት በዚህ ምክንያት ሊጠየቅ የሚችል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቡና ላይ ተነጋግረው ከተለያዩ ጎረቤቶች እጅ ነው።

ከጎረቤት ጋር ያለ የቆየ ቅያሜ፣ የአካባቢው ዋጋ ይቀንሳል የሚል ስጋት፣ ወይም አዲስ ሰው መምጣቱን አለመፈለግ ተቃውሞን አያጸናም። ወደፊት የሚሠራ ፎቅ ግቢን ያጨልማል የሚለው ስጋትም የሚታየው በግንባታ ፈቃድ ጊዜ እንጂ በወሰን ጉዳይ አይደለም። እነዚህን ከዋናው ምክንያት ጋር ቀላቅሎ ማቅረብ ዋናውን ምክንያት ያደበዝዘዋል።

ዝም ማለት የሚያስከትለው ውጤት

በወሰን ጉዳይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሕጉን ባለማወቁ ብቻ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። በዕድር፣ በልቅሶና በደስታ የሚገናኙ ጎረቤቶች ስለ ግማሽ ሜትር መጻጻፍን እንደ ጠብ ይቆጥሩታል። ሕጉ ግን በጊዜው የተነገረ ተቃውሞንና ዝምታን እኩል አያያቸውም።

የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1178 እና 1179 በሌላ ሰው ቦታ ላይ ስለሚሠራ ቤት ይደነግጋሉ። የቦታው ባለመብት እየተቃወመ የተሠራ ከሆነ የሠራው ሰው በቤቱ ላይ መብት አያገኝም። ባለመብቱ ሳይቃወም የተሠራ ከሆነ ግን የሠራው ሰው የቤቱ ባለሀብት ይሆናል፤ ባለመብቱም ሊያስለቅቀው ከፈለገ ካሣ መክፈል ይኖርበታል። ሕጉ የወጣው መሬት በግል ይያዝ በነበረበት በ1952 ዓ.ም. ቢሆንም ዛሬም በይዞታ ክርክር ይጠቀሳል። ስለዚህ የጎረቤት አዲስ ግንብ የተከራከሩበትን መስመር አልፎ መነሣት ሲጀምር መሠረቱ በወጣበት ሳምንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ ቆርቆሮ ከተመታ በኋላ ከሚቀርብ ረጅም አቤቱታ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሁለተኛው የጊዜ ገደብ በዚሁ ሕግ ቁጥር 1149 የተመለከተው ነው። ይዞታው የተወሰደበት ወይም በይዞታው ላይ ሁከት የተፈጠረበት ሰው ይዞታው እንዲመለስለት ወይም ሁከቱ እንዲወገድለት ክስ ማቅረብ ይችላል፤ ክሱ ግን ነጥቀቱ ወይም ሁከቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ለአስተዳደር አካል የቀረበ አቤቱታ ውሳኔ ሳያገኝ መቆየቱ ይህን ጊዜ ያቆመዋል ብሎ መተማመን አይገባም። አቤቱታው በአንድ በኩል እየታየ የሁለቱ ዓመት ቆጠራ በሌላ በኩል እንደሚቀጥል ማሰብ ይሻላል።

ወሰንን የሚያሳይ ማስረጃ

ዋናው ማስረጃ የሁለቱም ወገን የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው። የራስን ካርታ ብቻ መያዝ አይበቃም። በካርታዎቹ ላይ የጋራው መስመር ርዝመትና የማዕዘኖቹ ኮኦርዲኔት አንድ መሆናቸውን ማነጻጸር ያስፈልጋል። በአንዱ ካርታ 18.40 ሜትር የሆነው መስመር በሌላው 19.10 ከሆነ፣ ክርክሩ የተፈጠረው በአጥሩ ሳይሆን በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ነው ማለት ነው።

ካርታ ያለው ሰው ባለመብት እንደሆነ ሕጉ ግምት ይወስዳል። ይህ ግምት ግን ሊስተባበል ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1196 መሠረት የምስክር ወረቀቱ ከደንብ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል መሰጠቱን፣ ወይም መሠረት የሆነው ተግባር ዋጋ የሌለው መሆኑን ማስረዳት ይቻላል። ጎረቤቱ አዲስ ካርታ አውጥቶ ቢመጣ እንኳ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ አዲሱ ካርታ በምን መነሻ እንደተሰጠ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከካርታው ቀጥሎ የቆዩ ሰነዶች ይመጣሉ። ቦታው በመጀመሪያ የተሰጠበት ወይም ቤቱ የተገዛበት ውል፣ የግንባታ ፈቃዱና ከእርሱ ጋር የጸደቀው ፕላን፣ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኞች፣ የቀድሞ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ካሉ እነርሱም ይሰበሰባሉ። የግብር ደረሰኝ ስፋትን ሊያሳይ ይችላል፤ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አያሳይም። የጸደቀ የግንባታ ፕላን በአንጻሩ ከቤቱ ግድግዳ እስከ ወሰኑ ያለውን ርቀት ስለሚያመለክት ከሚጠበቀው በላይ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። ግድግዳው ካልተነቃነቀ ከግድግዳው በመነሣት መስመሩን ዳግመኛ ማግኘት ይቻላልና።

የአየር ፎቶ ሌላው ማስረጃ ነው። በአዲስ አበባ የ1988 ዓ.ም. እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ፎቶዎችና የመስመር ካርታዎች በይዞታ ጉዳዮች ላይ ሲጠቀሱ ቆይተዋል። እነዚህን ሊያወጣ የሚችለው ሥልጣን ያለው አካል ስለሆነ ተቃዋሚው በአቤቱታው ላይ እንዲቀርቡ መጠየቅ ብቻ ይበቃዋል። የአየር ፎቶ አጥር የነበረበትን ቦታ ለማሳየት ይጠቅማል፤ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ላይ ለሚነሣ ክርክር ግን ብቻውን መልስ አይሰጥም።

የሰው ምስክርነትም ዋጋ አለው። በተለይ አጥሩን ያጠረው ግንበኛ፣ ከሦስተኛው ወገን ጋር የሚዋሰን ጎረቤትና በአካባቢው ረጅም ጊዜ የኖሩ ሰዎች «አጥሩ መቼ ተሠራ፣ ማን ወጪውን ከፈለ፣ ከዚያ በፊት በየት ነበር» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። ቀን ያለበት ፎቶግራፍ፣ በቤተሰብ አልበም ውስጥ ያለ የሠርግ ወይም የክርስትና ሥዕል እንኳ የድሮውን አጥር ካሳየ ሊያያዝ ይችላል። የወሰን ምልክት የሆነ ችካል ወይም ድንጋይ ባለበት እንዲቆይ መደረግ አለበት። ምልክትን ሆን ብሎ ማንሣት ወይም ማዛወር በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው፤ «ወደ ነበረበት ልመልሰው» በሚል ቅን ሐሳብም ቢሆን ባለይዞታው በራሱ እጅ ሊነካው አይገባም።

የተቃውሞው ጽሑፍና የሚቀርብበት ቦታ

ተቃውሞው የሚቀርበው የወሰን ለውጡ ማመልከቻ ለቀረበለት ጽሕፈት ቤት ነው። የጽሕፈት ቤቶቹ ስያሜ ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ በአዲስ አበባ እንደ ጉዳዩ ዓይነት የመሬት ልማትና አስተዳደር ወይም የይዞታ ምዝገባ አገልግሎት በሚሰጠው አካል፣ በሌሎች ከተሞችም በማዘጋጃ ቤቱ ሥር ባለው የመሬት ሥራ ክፍል ይስተናገዳል። ለወረዳ ወይም ለቀበሌ ብቻ ማመልከት የተለመደ ስሕተት ነው። የአካባቢው አስተዳደር ጉዳዩን ሊያውቀውና ጎረቤቶችን ሊያቀራርብ ይችላል፤ በካርታ ላይ መስመር የመለወጥ ወይም ለውጥን የማገድ ሥልጣን ግን ላይኖረው ይችላል። ስለሆነም ለእርሱ ግልባጭ ማድረግ ይበቃል።

ጽሑፉ አጭር ቢሆን ይመረጣል። የተቃዋሚው ሙሉ ስም፣ የይዞታው አድራሻና የካርታ ቁጥር፣ የጎረቤቱ ስምና ተቃውሞ የቀረበበት ማመልከቻ በመጀመሪያ ይገለጻሉ። ቀጥሎ የተቃውሞው ፍሬ ነገር በመስመርና በልኬት ይነገራል። «በደል ተፈጽሞብኛል» ከማለት ይልቅ «በሰሜን በኩል ባለው የጋራ ወሰን ከምሥራቁ ማዕዘን ጀምሮ 20 ሜትር ርዝመት ላይ መስመሩ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ይዞታዬ እንዲገባ ተጠይቋል» ማለት መርማሪውን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ያደርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ዳኝነት ይጻፋል። ይኸውም ማመልከቻው ውድቅ እንዲሆን፣ ወይም ሁለቱ ወገኖች በተገኙበት ልኬት እንዲደረግ፣ እስከዚያም ለውጡ በመዝገብ እንዳይሰፍርና በመስመሩ ላይ ግንባታ እንዳይካሄድ ነው። በእጅ የተሠራ ቢሆንም ቀላል ንድፍ ማያያዝ ጠቃሚ ነው።

አቤቱታው በመዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ ተቃዋሚው ቁጥርና ቀን የሰፈረበትን ቅጂ ይዞ መውጣት አለበት። ለባለሙያ በቃል የተነገረ ወይም ጠረጴዛ ላይ የተተወ ወረቀት ተቃውሞ ስለመቅረቡ ማስረጃ አይሆንም። ከላይ እንደተመለከተው በኋላ ወሳኝ ሊሆን የሚችለው ተቃውሞው የቀረበበት ቀን ነው።

የልኬት ቀን

ቀያሾች በሚመጡበት ቀን ባለይዞታው ራሱ ወይም ወኪሉ መገኘት አለበት። ካርታውን በእጁ ይዞ መነሻ የሚደረገው ነጥብ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይችላል። ልኬት ከአጥር ተነሥቶ ወደ አጥር ከተደረገ የሚያሳየው አጥሩን ብቻ ነው። ከታወቀ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ተነሥቶ ሲደረግ ግን የካርታው መስመር በመሬት ላይ የት እንደሚያርፍ ይታወቃል።

ልኬቱ ሲያበቃ ቃለ ጉባኤ ወይም የመስክ ቅጽ ይዘጋጃል፤ አዋሳኞችም እንዲፈርሙበት ይጠየቃሉ። ይዘቱን ሳያነብ ማንም ሊፈርም አይገባውም። በልኬቱ የማይስማማ ሰው መፈረምን ከመከልከል ይልቅ «በልኬቱ ተገኝቻለሁ፤ በመስመሩ አልስማማም» ብሎ በእጁ ጽሑፍ አስፍሮ ቢፈርም ይሻለዋል። ፊርማ መከልከል አንዳንድ ጊዜ «አልተገኘም» ተብሎ ይመዘገባልና።

በስምምነት መጨረስ

የአገር ሽማግሌዎችና የዕድር ዳኞች በርካታ የወሰን ክርክሮችን ፍርድ ቤት ከመድረሳቸው በፊት ይፈታሉ። ይህ መንገድ ከወጪም ከጊዜም አንጻር የተሻለ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስምምነቱ ውጤት የሚኖረው የመስመሩ መነሻና መድረሻ በልኬት ተጽፎ፣ በንድፍ ተደግፎ፣ መብት ያላቸው ሁሉ (ተጋቢዎችንና ወራሾችን ጨምሮ) ፈርመውበት፣ ለከተማው ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ሲጸድቅ ነው። በሽምግልና የተወሰነው መስመር በካርታ ካልሰፈረ ቤቱን በኋላ የሚገዛው ሰው ወይም የሚወርሰው ልጅ ስለ ስምምነቱ ሳያውቅ ክርክሩን ከመጀመሪያው ሊያነሣው ይችላል።

ሽምግልና ተጀምሯል ተብሎ ለጽሕፈት ቤቱ የቀረበ ተቃውሞ መነሣት የለበትም። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ተቃውሞው እርቁ እስኪጸድቅ ድረስ በመዝገብ መቆየቱን እንደ ጠብ አይቆጥሩትም።

ውሳኔው ቅር ያሰኘው ወገን

ጽሕፈት ቤቱ ተቃውሞውን ሳይቀበል ቢቀር ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥ መጠየቅ ያስፈልጋል። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚመለከታቸው የአስተዳደር ተቋማት ውሳኔያቸውን በጽሑፍና በምክንያት እንዲሰጡ ያስገድዳል። ቅሬታው በመጀመሪያ በዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ በየደረጃው ባለው የበላይ አካል ይታያል። የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜው አጭር ሊሆን ስለሚችል ውሳኔው የደረሰበትን ቀን በማስረጃ መያዝ ይገባል። መልስ ሳይሰጥ የሚዘገይ ወይም ተገልጋይን የሚያመላልስ መሥሪያ ቤት ሲያጋጥም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል። ተቋሙ የአስተዳደር በደልን መርምሮ መፍትሔ ይጠቁማል፤ የወሰን ፍርድ ግን አይሰጥም።

ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው በቅድሚያ የዳኝነት ሥልጣንን ማጣራት አለበት። በአዲስ አበባ የከተማው ቻርተር፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ ከከተማው ማስተር ፕላን አፈጻጸም ጋር በተያያዘ ስለ ይዞታ ባለመብትነት፣ ስለ ፈቃድ አሰጣጥና ስለ ቦታ አጠቃቀም የሚነሡ ክርክሮችን ለከተማው ፍርድ ቤቶች ሰጥቷል። በግለሰቦች መካከል የሚነሣ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ግን በሌላ ፍርድ ቤት ሊታይ ስለሚችል ክስ ከመክፈት በፊት ሬጅስትራርን ወይም የሕግ ባለሙያን መጠየቅ ያስፈልጋል። በክልል ከተሞች ጉዳዩ የሚታየው በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው።

ግንባታው እየተካሄደ ከሆነ ክሱ ከእግድ ጥያቄ ጋር መቅረብ አለበት። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ፍርድ ቤቱ ለክርክር ምክንያት የሆነው ንብረት ጉዳት እንዳይደርስበት ወይም ለሌላ እንዳይተላለፍ ጊዜያዊ እግድ ሊሰጥ ይችላል። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው በድሃ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል፤ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ያሉ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አቤቱታና ክስ በማዘጋጀት ያግዛሉ።

በውጭ አገር የሚኖር ባለይዞታ

ቤቱን ለዘመድ ወይም ለተከራይ ትቶ በውጭ አገር የሚኖር ባለይዞታ ለወሰን ለውጥ በተለይ ይጋለጣል። ተከራዩ ስለ ወሰኑ አያውቅም፤ የልኬት ማስታወቂያም በበሩ ላይ ተለጥፎ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው አገር ውስጥ ወኪል ሊኖረው ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ንብረትን ከማስተዳደር ያለፈ ሥልጣን አይሰጥም፤ ለመታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለማስተላለፍ፣ ለመክሰስም ሆነ ተከሶ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ በሚኖርበት አገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል የሚሰጠው ውክልና ወኪሉ በልኬት እንዲገኝ፣ ተቃውሞ እንዲያቀርብ፣ እንዲከስና እንዲከራከር የሚፈቅድ መሆኑን በግልጽ መናገር አለበት። ወኪሉ በወሰን ጉዳይ እንዲስማማ ካልተፈለገም ይህንኑ በውክልናው ላይ ማስፈር ይቻላል።